የሙርናው ፊልሞች፦ ከየትኛው ይጀመር? የትኛውስ ቅጂ ይታይ?

ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው የተባለውን ጀርመናዊ ዳይሬክተር ብዙ ሰው የሚያውቀው በአንድ ምስል ነው፤ በደረጃ ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ጣቶቹ የረዘሙ ጥላ። ምስሉ የሳበው ሰው የመጣበትን የደም መጣጭ (ቫምፓየር) ፊልም «ኖስፌራቱ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይፈልግና መጀመሪያ የመጣለትን ይከፍታል። ሰዎቹ ይጣደፋሉ፣ ሌሊት ነው የተባለው ትዕይንት ቀትር ይመስላል፣ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ኦርጋን ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋዋል፤ ድምፅ አልባ ፊልም የድሮ ሰው ነገር ነው ብሎም ይተወዋል። የዘጋው ግን ሙርናው የሠራውን ፊልም ሳይሆን የፊልሙን ፍርስራሽ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ፊልሙ፣ ቀጥሎ የዚያ ፊልም ቅጂ። ከሁለቱ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። መካከለኛ ፊልም በጥሩ ቅጂ ቢታይ ይወደዳል፤ ድንቅ ፊልም በተበላሸ ቅጂ ቢታይ ግን ማንም አይወደውም።

ሙርናው በ1888 ቢለፌልድ ከተማ ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ፕሉምፐ ነበር፤ «ሙርናው»ን የወሰደው በባቫርያ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ከ1919 ጀምሮ 21 ፊልሞች ሠርቶ በመጋቢት 1931 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት 42 ዓመቱ ነበር። ከፊልሞቹ በርከት ያሉት ጠፍተዋል። ከተረፉት መካከል ለጀማሪ የሚመከሩት አምስት ናቸው፤ አንድ ስድስተኛ ደግሞ በምርቃት መልክ እንጨምራለን።

## በምን እንመዝን?

የሚነበብ ጽሑፍ። ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ በትዕይንቶች መካከል ስክሪኑን ሞልቶ የሚመጣ የጽሑፍ ካርድ አለ። የሙርናው ካርዶች በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የአማርኛ ሰብታይትል ያለው ቅጂ ይገኛል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። እንግሊዝኛ ቶሎ ለማያነብ ተመልካች ወይም ከእናት ከአባት ጋር ለሚያይ ሰው ይህ መመዘኛ ከሁሉ ይቀድማል። ደግነቱ ሙርናው ራሱ ካርድ አይወድም ነበር፤ ታሪኩን በምስል ብቻ ለመንገር ዕድሜውን ሙሉ ታግሏል።

ፍጥነት። በዚያ ዘመን ካሜራ የሚሠራው በእጅ በሚዞር መዘውር ነበር፤ በሰከንድ ከ16 እስከ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ገደማ ይቀርጻል። በ18 የተቀረጸ ፊልም በ24 ሲጫወት ሰው ሁሉ ይሮጣል። ይህን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። የታደሰው ኖስፌራቱ በ18 ፍሬም 94 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ያንኑ በ24 ቢያጫውቱት 70 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ 65 ወይም 70 ደቂቃ የሚል ኖስፌራቱ ካያችሁ ወይ ተጣድፏል፣ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ሁለቱንም ሆኗል። ከመክፈታችሁ በፊት ርዝመቱን አንብቡ።

ቀለም። የያኔው የፊልም ጥሬ ዕቃ በሌሊት ለመቅረጽ አቅም አልነበረውም። የሌሊት ትዕይንት በቀን ይቀረጽና ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከር ነበር፤ መብራት ያለበት ክፍል ቢጫ፣ ንጋት ሮዝ ይደረጋል። ቀለሙ የታጠበበት ጥቁርና ነጭ ቅጂ ሲታይ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ኖስፌራቱ ላይ ይህ ታሪኩን ራሱን ያፈርሰዋል፤ ፀሐይ የሚገድለው ፍጡር የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም፤ «የመጨረሻው ሰው»፣ «ፋውስት» እና «ሰንራይዝ» በታደሰ ቅጂያቸውም ጥቁርና ነጭ ናቸው። በቅርቡ በኮምፒውተር የሰው ፊት ቀለም የተቀቡና «60 ፍሬም» የሚል የተለጠፈባቸው ቅጂዎች በዝተዋል፤ እነሱን እለፏቸው። ፊቱ ሰም ይመስላል፤ ጥላውም፣ ማለትም የሙርናው ዋና መሣሪያ፣ ይሟሟል።

የምስሉ ቅርጽ። ምስሉ ወደ ካሬ የቀረበ 4 በ3 ነው። ሰፊ ስክሪን ሞልቶ የመጣ ቅጂ ወይ ሰዎቹን አሳጥሮ አወፍሯል፣ ወይ ከላይና ከታች ቆርጧል። በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

ሙዚቃ። ነፃ ቅጂዎች ላይ ያለው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ማንም ያገኘውን የለጠፈው ነው። ከተቻለ ለፊልሙ የተጻፈውን ፈልጉ፤ ካልተቻለ ድምፁን ዝም ማሰኘት ከመጥፎ ሙዚቃ ይሻላል። የማይገጥም ሙዚቃ የትዕይንቱን ምት ይሰርቃል፤ ዝምታ ቢያንስ ምንም አይሰርቅም።

ዋጋና ዳታ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1929 የወጡ ፊልሞች የባለቤትነት መብታቸው አብቅቷል፤ የ1931ዱ «ታቡ» ግን እስከ 2026 መጨረሻ መብቱ የተጠበቀ ነው። ይህ ስለ ፊልሙ እንጂ ስለ እድሳቱና ስለ አዲሱ ሙዚቃ አይደለም፤ እነዚህ የራሳቸው ባለመብት ሊኖራቸው ይችላል። ለዳታ ስሌት፦ የ90 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢመጣ 675 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ2.5 ሜጋቢት 1.7 ጊጋባይት ይሆናል። ዝቅ ባለው ጥራት መጀመሪያ የሚበላሸው ጨለማው ነው፤ ጥቁሩ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበታተናል። በጨለማ የተሞላውን ፋውስትን በዚህ ጥራት ከማየት አለማየት ይሻላል፤ በቀን ብርሃን የተቀረጸው ታቡ ግን ይቋቋመዋል።

## የመጨረሻው ሰው (1924)

ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው፤ በዝና ኖስፌራቱ ስለሚበልጠው ብዙዎች ያልፉታል። የጀርመንኛ ርዕሱ «ዴር ለትስተ ማን» ሲሆን በእንግሊዝኛው ዓለም የሚታወቀው «ዘ ላስት ላፍ» በሚል ነው፤ ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ።

ታሪኩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አትላንቲክ የሚባል ትልቅ ሆቴል በረኛ የነበረ ሽማግሌ ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ሲደክም ሥራ አስኪያጁ ያየዋል፤ ወርቃማ ቁልፍ ያለውን ካፖርቱን አስወልቆ ከምድር ቤት ያለ መጸዳጃ ቤት ጠባቂ ያደርገዋል። ሽማግሌው ካፖርቱን ሰርቆ ወደ ቤተሰቡ ሰርግ ይሄዳል፤ ሰፈሩም ጉዱን እስኪያውቅ ድረስ እንዳልተሻረ ሆኖ ይኖራል።

በፊልሙ ውስጥ ያለው የጽሑፍ ካርድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻው አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ውጪ የሚነበበው ደብዳቤ፣ ጋዜጣና ኬክ ላይ የተጻፈ ቃል ነው። ደብዳቤው «ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ መጸዳጃ ቤት ነው» እንደሚል አስቀድሞ የተነገረው ሰው እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ሳያውቅ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ይከታተላል። የደንብ ልብስ በሰፈር ውስጥ ምን ዓይነት ከበሬታ እንደሚያስገኝ ደግሞ ለአዲስ አበባ ተመልካች ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሙያውን ለሚመረምር ሰው ይህ ፊልም ትምህርት ቤት ነው። ጸሐፊው ካርል ማየር፣ የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ናቸው። እስከዚያ ዘመን ካሜራ በአብዛኛው በእግሩ ቆሞ ያይ ነበር፤ እዚህ ግን ተለቀቀ። የመክፈቻውን ሾት ተመልከቱ፤ ካሜራው በሆቴሉ ሊፍት ይወርዳል፣ በሩ ሲከፈት አዳራሹን አቋርጦ ወደሚሽከረከረው በር ይሄዳል። ለዚህ ፍሮይንድ ካሜራውን ይዞ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሲሰክር ደግሞ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስሮ ራሱ ተንገዳግዷል። መለከት ሲነፋ ድምፁን መስማት ስለማንችል ካሜራው ከመለከቱ አፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ድምፁ ሲበር በዓይን እናያለን። ከሆቴሉ ውጪ የሚታየው ጎዳና ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ርቀት እንዲመስል ሕንፃዎቹ ወደ ኋላ እያነሱ ይሄዳሉ፣ ከሩቅ የሚታዩት መኪኖችም አሻንጉሊት ናቸው።

ኤሚል ያኒንግስ ሽማግሌውን ሲጫወት ዕድሜው 40 ገደማ ነበር። ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን ተከታተሉ። ካፖርቱን ሲለብስ ቀጥ ያለው ጀርባ ሲያወልቅ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ቀጥሎ ባዶ እጁን ሲሄድ ሻንጣ የተሸከመ እንደሚመስል ታያላችሁ። በዛሬ ዓይን አንዳንዱ ቦታ ላይ ትወናው ከልክ ያልፋል፤ እንደ መድረክ ትወና ከቆጠራችሁት አይረብሽም።

ችግር ያለበት መጨረሻው ነው። ያ ብቸኛ ካርድ «ታሪኩ እዚህ ማለቅ ነበረበት፤ ደራሲው ግን አዘነለት» ይልና ሽማግሌው በድንገት ሚሊየነር ይሆናል። ይህን ቁም ነገር አድርጎ ያየ ሰው ይናደዳል። ካርዱን በደንብ ላነበበ ግን ፊልሙ ራሱ በራሱ እየሳቀ ነው።

ቅጂን በተመለከተ፦ ፊልሙ ለጀርመን፣ ለአሜሪካና ለሌላው ዓለም ሦስት የተለያዩ ኔጋቲቮች (ቅጂ የሚታተምባቸው ዋና ፊልሞች) ነበሩት። ምርጡ ሾት ለጀርመኑ ሄደ፤ ሁለተኛ ደረጃው ወደ ውጭ ተላከ። ርካሾቹ ቅጂዎች በአብዛኛው የውጭዎቹ ዘር ናቸው። በሉሲያኖ ቤሪያቱዋ የተመራው እድሳት የጀርመኑን መሠረት ያደረገ ሲሆን ርዝመቱ 90 ደቂቃ ነው፤ የጁሴፔ ቤቼ ሙዚቃ ካለበት የምትፈልጉትን አግኝታችኋል።

## ኖስፌራቱ (1922)

የመጥፎ ቅጂ አደጋ ከሁሉም የሚበዛው እዚህ ነው፤ ምክንያቱ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ፕራና የተባለው ኩባንያ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» የተባለ ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ ስም ብቻ ቀይሮ ፊልም አደረገው። የደራሲው መበለት ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። የተረፉት በየአገሩ የተበተኑ ቅጂዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም የራሱ ካርድ፣ የራሱ መቆረጥ አለው። ቀላል መፈተኛ አለ፤ የጽሑፍ ካርዱ ቫምፓየሩን ባላባት «ኦርሎክ» ካለው ወደ ዋናው የቀረበ ነው፣ «ድራኩላ» ካለው ከአሮጌ የእንግሊዝኛ ቅጂ የመጣ ነው። የ2005 እና 2006 እድሳት ቀለም የተነከረ፣ 94 ደቂቃ የሚረዝም፣ የሃንስ ኤርድማንን ሙዚቃ መልሶ የገነባ ነው። ከዚህ ውጪ ሌላ አትመልከቱ።

የዘመኑ የጀርመን ፊልሞች ስቱዲዮ ውስጥ በቀለም የተሣለ ጠማማ ቤት ሲገነቡ ሙርናው ካሜራውን ይዞ ወጣ። ቪስማርና ሉቤክ የሚባሉትን የባሕር ዳር ከተሞች፣ ስሎቫኪያ ያለውን የኦራቫ ግንብ ቀረጸ። ባላባቱ ገዝቶ የሚገባበት ቤት ሉቤክ ውስጥ ያለ የጨው መጋዘን ነው፤ ዛሬም ቆሟል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እውነተኛ መስኮት፣ እውነተኛ ማዕበል፣ በመካከሉ ሊኖር የማይገባው ፍጡር፣ ቫምፓየሩን የሚጫወተው ማክስ ሽሬክ። ሠረገላው በጫካ ሲያልፍ ዛፎቹ ነጭ ሰማዩ ጥቁር የሚሆነው ፊልሙ በኔጋቲቭ ስለተቀመጠ ነው። ቫምፓየር በፀሐይ ብርሃን የሚሞትበት ልማድም ከዚህ ፊልም የመጣ ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል።

ድክመቱን እንናገር። ካርዱ፣ ደብዳቤው፣ የመጽሐፉ ገጽ ይበዛል፤ አንዳንዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ወደ ቫምፓየሩ ግንብ የሚሄደው ወጣት ሁተር ያለ ምክንያት እየሳቀ ያልቃል። ድንገት የሚያስደነግጥ ነገር የሚጠብቅ የአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ቅር ይለዋል፤ እዚህ ያለው ቀስ ብሎ የሚገባ ብርድ ነው።

## ሰንራይዝ (1927)

ሆሊውድ ሙርናውን ከበርሊን አስጠርቶ ገንዘቡን ከፈተለትና ይህን ሠራ። አንድ የገጠር ባል ከከተማ በመጣች ሴት ተማርኮ ሚስቱን ሐይቅ ውስጥ ሊያሰጥም ይነሣል፤ እጁ ላይ ሲደርስ አልሆንለት ይላል፤ ከዚያ ሁለቱ ከተማ ገብተው ቀኑን ሙሉ እንደገና ይፋቀራሉ። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ «ሰውየው»፣ «ሚስቱ»፣ «የከተማዋ ሴት» ብቻ ናቸው። ካርዶቹ ጥቂትና አጫጭር ናቸው፤ «ብትሰጥምስ?» የሚለው ካርድ ላይ ፊደሎቹ ራሳቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ።

ሰውየው በጨረቃ ብርሃን ረግረጉን አቋርጦ ወደ ሴትየዋ ሲሄድ ካሜራው ከጣሪያ በተንጠለጠለ ሐዲድ ይከተለዋል፤ አንዴ ይከተለዋል፣ አንዴ ይቀድመዋል፣ ሴትየዋ ዘንድም ከእሱ በፊት ይደርሳል። ረግረጉም ጨረቃውም ስቱዲዮ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የጆርጅ ኦብራየን እርምጃ የከበደው በትወና ብቻ አይደለም፤ ጫማው ውስጥ የእርሳስ ክብደት ተጨምሮለት ነበር። ቀጥሎ የትራሙን ጉዞ ተመልከቱ፤ ባልና ሚስቱ ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ከመስኮቱ ውጪ ጫካው ወደ ከተማ ይለወጣል። በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ ጃኔት ጌይኖር በዚህና በሌሎች ሁለት ፊልሞች የተዋናይት ሽልማት አገኘች፤ ቻርልስ ሮሸርና ካርል ስትረስም የካሜራውን ወሰዱ።

የፍጥነት ችግር እዚህ የለም። ሙዚቃውና የአካባቢ ድምፁ ሙቪቶን በሚባለው ዘዴ ፊልሙ ላይ ስለተቀረጹ ፍጥነቱ በ24 ፍሬም የተወሰነ ነው። 94 ወይም 95 ደቂቃ የሚለውን ምረጡ፤ ከቼክ ቤተ መዛግብት የተገኘ 79 ደቂቃ የሚሆን ሌላ ቅጂም አለ፤ እሱ ለሁለተኛ ዕይታ ይቆይ። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ቢልባችሁ ኢንተርኔታችሁን አትውቀሱ፤ ዋናው ኔጋቲቭ በ1937 የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል ጠፍቷል። ድምፁ የተጻፈበት ጠርዝ የምስሉን ጎን ስለወሰደ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ካሬ የተጠጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሚስቱን ለመግደል የተነሣ ሰው በዚያው ቀን ይቅር መባሉ የማይዋጥለት ተመልካች አለ። ከመጀመራቸው በፊት ብትነግሯቸው ይሻላል።

## ፋውስት (1926)

ከጀርመን ከመውጣቱ በፊት የሠራው የመጨረሻ ፊልም ነው። ሜፊስቶ የተባለው ሰይጣን ከመልአክ ጋር ፋውስት በሚባል ሽማግሌ ሊቅ ነፍስ ይወራረዳል። ሜፊስቶ ጥቁር ክንፉን በከተማዋ ላይ ዘርግቶ ቸነፈር የሚያወርድበት ምስል ስቱዲዮ ውስጥ በትንሽ ሞዴል ከተማ የተሠራ ነው፤ ዛሬም የትኛውም ኮምፒውተር አላሳፈረውም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምናልባት ሙርናው ከቀረጸው ሁሉ የላቀው ነው። መሐሉ ላይ ሜፊስቶና የፋውስት ፍቅረኛ የግሬትሸን አክስት በአትክልት ቦታ የሚቀላለዱበት ክፍል ይንዛዛል። መጨረሻው በበረዶ ውስጥ እንደገና ይነሣል።

የአገር ውስጥ ቅጂው 106 ደቂቃ፣ የውጩ 116 ደቂቃ አካባቢ ነው። ረጅሙ የተሻለ አይደለም፤ እዚህም ምርጦቹ ሾቶች ወደ ጀርመኑ ገብተዋል። በስልክ አትዩት፤ ክፍሉን አጨልሙ።

## ታቡ (1931) እና ሲቲ ገርል (1930)

ታቡ ቦራ ቦራ ደሴት ላይ የአካባቢው ሰዎች የተወኑበት የፍቅር ታሪክ ነው፤ ሐሳቡን ከሮበርት ፍላኸርቲ ጋር ጀምሮ ለብቻው ጨረሰው። ንግግር በካርድ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚነበበው ደብዳቤና አዋጅ ነው። ፍሎይድ ክሮዝቢ በካሜራው ኦስካር አግኝቶበታል። ሙርናው ለኒው ዮርኩ መክፈቻ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሞተ። አከፋፋዩ ጥቂት ደቂቃ ቆርጦ ስለነበር 81 ሳይሆን 86 ደቂቃ የሚለውን ፈልጉ።

ሲቲ ገርል የከተማ አስተናጋጅ ለስንዴ ገበሬ ልጅ ተድራ የምታየው ነው። ሙርናው የፈለገው ርዕስ «የዕለት እንጀራችን» ነበር፤ ስቱዲዮው ለወጠው። ለእህል ሲል ቤተሰቡን የሚያስጨንቀውን አባት ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሁለቱ ፍቅረኞች በስንዴው መሐል ሲሮጡ ካሜራው አብሮ የሚሮጥበት ሾት ብቻውን ፊልሙን ለማየት ይበቃል። ስቱዲዮው ንግግር የጨመረበት ቅጂም ሠርቶ ነበር፤ የሚታየው ድምፅ አልባው ነው።

## በአንድ እይታ

| ፊልም | ርዝመት | የሚነበብ | የመጥፎ ቅጂ አደጋ | የሚከብደው |
|---|---|---|---|---|
| የመጨረሻው ሰው | 90 ደቂቃ | አንድ ካርድ፣ ጥቂት ደብዳቤ | መካከለኛ | ድንገተኛው መጨረሻ |
| ኖስፌራቱ | 94 ደቂቃ | ብዙ | በጣም ከፍተኛ | ዝግተኛ መጀመሪያ |
| ፋውስት | 106 ደቂቃ | መካከለኛ | መካከለኛ | የመሐሉ ቀልድ፣ ጨለማው |
| ሰንራይዝ | 94 ደቂቃ | ጥቂት | ዝቅተኛ | የይቅርታው ጥያቄ |
| ሲቲ ገርል | 90 ደቂቃ ገደማ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ቅጂው በቀላሉ አይገኝም |
| ታቡ | 86 ደቂቃ | ጥቂት ደብዳቤ | ዝቅተኛ | ትወናው ያልሠለጠነ |

## ለማን የትኛው?

ድምፅ አልባ ፊልም አይቶ የማያውቅ ሰው በ«የመጨረሻው ሰው» ይጀምርና ወደ ሰንራይዝ ይለፍ። ሁለቱም ካልያዙት ሙርናው አይሆነውም፤ ራሱን አያስጨንቅ። ከባለቤቱ ጋር የሚያይ ግን ሰንራይዝን ያስቀድም።

ከቤተሰብ ጋር፣ በተለይ እንግሊዝኛ ከማያነቡ አዋቂዎች ጋር ከሆነ፦ «የመጨረሻው ሰው» ወይም ታቡ። ሌላውን ካላችሁ አንድ ሰው ሪሞቱን ይያዝ፤ ካርድ ሲመጣ ያቁም፣ በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ይቀጥል። ለኖስፌራቱ ይህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጨምራል ብላችሁ ጊዜ መድቡ። ሕፃናትን በኖስፌራቱ አታስቀምጡ።

ፊልም ለሚማር ወይም ካሜራ ለሚይዝ፦ «የመጨረሻው ሰው»ን ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛውን ያለ ድምፅ። ካሜራው የሚንቀሳቀስባቸውን ሾቶች እየጻፋችሁ በእያንዳንዱ ፊት «የማን ዓይን ነው?» ብላችሁ መልሱ። ብዙ ጊዜ የሽማግሌው ነው፤ የማይሆንበትን ቦታ ማግኘት ነው ሥራው። ብርሃንና ሥዕል የሚወድ ሰው የፋውስትን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት አይቶ ሊያቆም ይችላል፤ ነውር የለበትም።

ዳታ ለሚቆጥብ፦ ርዝመቱን ከላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ብቻ ክፈቱ። ሰዎቹ በተፈጥሯዊ እርምጃ ይሄዳሉ? ጭንቅላት አልተቆረጠም? ኖስፌራቱ ከሆነ ቀለም አለው? ሦስቱን ካለፈ በዋይፋይ አውርዱት። ለዲስክ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ብሉሬዩን ለኖስፌራቱና ለፋውስት ያውጣው፤ ጥራት ልዩነት የሚያመጣው እዚያ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ከሆነ ሁለት ነገር አስተካክሉ። የምስል መጠኑን ከ«ሙሉ ስክሪን» ወደ 4 በ3 ወይም ወደ «ኦሪጅናል» መልሱ። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን ለማለስለስ በፍሬሞቹ መካከል የራሳቸውን ምስል ይጨምራሉ፤ ይህንን ከምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ካልጠፋ የኦርሎክ ጥላ ደረጃውን ሲወጣ ጣቶቹ ጠርዝ ላይ እየተንቀጠቀጡ ሲሟሟ ታያላችሁ፤ ጥፋቱም የፊልሙ ይመስላችኋል።